ስድስተኛው ደብተር

ያን ሰው በደንብ ሳላውቀው ነው የጠላሁት። አርዲያ ውስጥ የአንድ መጋዘን ሐሪስ ነበር፤ ዘበኛ ማለት ነው፤ ኩዌት የከረመ ሰው ዘበኛ የሚለውን ቃል ይረሳዋል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። አልሰደበኝም፣ አላማኝም፣ መንገዴ ላይ አልቆመም። ጥፋቱ አንድ ነው፤ እኔ የምታወቅበትን አንድ ነገር ከእኔ አሳምሮ ቻለው።

የኢራቅ ጦርነት ካለፈ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ሚሽሪፍ አንዲት ማዳም ዘንድ ሹፌር ነበርኩ። ጁምዓ ጁምዓ ፈቃድ ያገኘን አማኞች ሳልዋ ውስጥ አንድ ምድር ቤት እንሰበሰባለን። እንዘምራለን፣ እንጸልያለን፣ ቃል እንሰማለን፤ በመጨረሻ ከየቤቱ የመጣው ምግብ ይቀርባል። ሰው በልቶ ሲያበቃ ወደ መንገድ የሚያወጣው ደረጃ ላይ ይደረደራል። ያኔ የእኔ ሰዓት ነው። የወንጀል ታሪክ እተርክላቸዋለሁ። ሰው ይገደላል፣ መርማሪ ይመጣል፣ ሁሉም ይጠረጠራል፤ እኔም ልክ የገዳዩ ማንነት ሊታወቅ ሲል ሰዓቴን አይና የቀረውን ለሚቀጥለው ጁምዓ አሳድራለሁ። የኅብረታችን ሽማግሌ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ከጸሎት በኋላ የግድያ ወሬ ምን ይባላል ብለው። አንድ ቀን ግን ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ እንዳሉ ሩብ ሰዓት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም።

ከሰሚዎቼ አንዷ የማዳሜ እህት ቤት፣ እዚያው ሳልዋ፣ ምግብ የምታበስል ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ሲደነግጡ አፋቸውን ይይዛሉ፣ እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ። እሷ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች፤ እኔ ትንፋሽ ለመውሰድ ስቆም ብቻ፣ ቀስ ብላ፣ «ከዚያስ?» ትላለች። ስለዚያች ቃል ብዙ መናገር አልፈልግም። ሳምንቱን ሙሉ ማዳሜን ከጀምዒያው የገበያ አዳራሽ ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ዘመድ ቤት ሳመላልስ የምኖረው ግን ለእሷ ነበር። ሰው ደመወዝ እየጠበቀ ይኖራል፤ እኔ «ከዚያስ?» እየጠበቅኩ እኖር ነበር።

ታሪኩ የእኔ አልነበረም። እሱን አሁኑኑ ልናገርና ይውጣልኝ። ኩዌት እንደገባሁ አርዲያ ውስጥ ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል ስንኖር አንድ በዕድሜ የገፉ ግንበኛ አብረውን ነበሩ። ሥራ በሌለ ቀን ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይተርኩልን ነበር፤ እንደዚያ የሚተርክ ሰው ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም። ታመው አገራቸው ገቡ፣ ታሪካቸው እኔ ዘንድ ቀረ። ደረጃው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተርኬ ሳበቃ ያቺ ልጅ ከራሴ ያመነጨሁት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ያቺን አዎ ስናገር አፌ ላይ ስኳር የተደረገ ያህል ጣፈጠኝ፤ ኋላ ነው የመረረኝ።

ታሪኩ ዓመት ቆየ፤ እየለጠጥኩ፣ እያሰፋሁ። በመጨረሻ አለቀ። ሰው ሁሉ አዲስ ሲጠብቅ እኔ እጄ ባዶ ነበር። አንድ ጁምዓ ራሴን አሞኛል አልኩ፤ ሁለተኛውን ጉሮሮዬን። በሦስተኛው ያ ሐሪስ፣ ከደረጃው ግርጌ ከሚቀመጥበት፣ እሱም የጀመረው ነገር እንዳለ በለሆሳስ ተናገረ። ከኪሱ ሁለት ቦታ የታጠፈ ደብተር አወጣ። እንደ እኔ በቃሉ መተረክ አይችልም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያነበው። ድምፁ ለራሱም አይሰማም። ደስ አለኝ። ይህ ሰው ሁለት ገጽ ሳያነብ ሰዉ ሳህን ማጠብ ይጀምራል ብዬ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ የአገራችን ከተማ ሽማግሌዎች እየተገደሉ ይገኛሉ። የእያንዳንዳቸው የቀኝ አውራ ጣት በሐምራዊ ቀለም ተነክሯል። ፖሊስ ግራ ይገባዋል። አንድ መርማሪ ብቻ የድሮ መዝገብ ያገላብጣል፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት አራት ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ጎረቤታቸው የነበረ ልብስ ሰፊ አንድ ነጋዴ ገድሏል ብለው መስክረዋል። ፊርማ አያውቁምና በአውራ ጣታቸው አትመዋል። ምስክርነቱ ሐሰት ነበር። ልብስ ሰፊው እስር ቤት ሞተ፤ ያን ጊዜ ያተሙት ጣቶች ናቸው አሁን ቀለም ተነክረው የሚገኙት።

እዚህ ጋ ሲደርስ ደረጃው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የራሱን ጣት አየ። ሁላችንም ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ብለን በስማ፣ የጣት አሻራ፣ የሰጠን ነን፤ አሥሩንም ጣታችንን በየተራ ያስጫኑን፣ በወረቀት መጥረጊያ ቢፈትጉት የማይለቅ ቀለም ይዘን ወደየከፊላችን፣ ወደየአሠሪያችን፣ የተመለስን። ሰውየው ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ተራ ላይ ቆሞ ነው። እኔም እዚያው ተራ ላይ ቆሜያለሁ። ቀለሙ እኔንም ነክቶኛል። እኔ ያየሁት እጄ መቆሸሹን ብቻ ነው።

ንባቡን አቆመ። ከዚያ እሷ፣ አገጯን ከጉልበቷ አንስታ፣ «ከዚያስ?» አለች።

አየችውም። ለእኔ ስትለው ቁልቁል መሬት መሬቱን እያየች ነበር፤ ለእሱ ስትለው ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ይህን ልዩነት ከእኔ በቀር የተመለከተ አልነበረም፤ ቀናተኛ ሰው የማያየው የለም። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቁጭ አለ፤ ሳይነሳ ወራት ከረመ።

ጁምዓ የማይወጡ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ማዳሞቻቸው በዓመት አንድ ቀን እንኳ የማይለቋቸው። የደብተሩ ወሬ እነሱ ዘንድ ደርሶ ይጠይቁ ጀመር። የሐሪሱ ጽሕፈት ግን ዶሮ የጫረው ነው፤ ከራሱ በቀር የሚያነበው የለም። የኅብረቱን መዝሙር በካርቶን ላይ በትልቁ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ረቡዕ ማዳሜን እህቷ ዘንድ አድርሼ በኩሽናው በር በኩል ጥላው ሥር ስቀመጥ፣ ልጅቷ ሻይ ይዛልኝ ወጣችና ደብተሩን ከትሪው ሥር ሰጠችኝ። «ጽሕፈትህ ያምራል፤ ለእህቶች ብለህ ገልብጥልን» አለችኝ። እሷ ለምናኝ እምቢ የሚል አንደበት አልነበረኝም።

እንዲህ ሆኖ የባላንጣዬ ገልባጭ ሆንኩ። ገልባጭ ብቻም አይደለሁም፤ አመላላሽም ነኝ። ሐሪሱ የጨረሰውን ጁምዓ ይሰጠኛል፣ እኔ በመኪናው ውስጥ ማዳሜን ስጠብቅ አዲስ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ ረቡዕ ሳልዋ አደርሳለሁ። ከእሷ እጅ በየሹፌሩ በኩል ቤት ለቤት ይዞራል፤ ደረጃው ላይ የነበሩትም ከንባቡ ይልቅ እሱን መጠበቅ ጀመሩ። በመኪናዬ ነዳጅ፣ በእጄ ጽሕፈት፣ በጀርባ ሕመሜ የሌላ ሰው ስም እየገነነ ሄደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል የእኛ ሰዎች።

ክፋቱ ጥሩ መሆኑ ነው። ብገለብጠው ብገለብጠው ጉድለት አጣሁለት። መጥፎ ቢሆን እንዴት አድርጌ በወደድኩት! ሁለተኛው ደብተር ላይ የልብስ ሰፊው ልጅ ይጠረጠራል፤ ሦስተኛው ላይ አንድ የከተማው ፋርማሲስት፤ በየመካከሉ መዝገቡን በዚያን ጊዜ የጻፈው የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ጡረታ ወጥቶ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ፣ ብቅ ጥልቅ ይላል። አራተኛውን ደብተር ከመቀመጫዬ ሥር ደብቄ አሥር ቀን አቆየሁት፤ ሰውየው አላደረሰም ብዬ። ሰው ይረሳዋል፣ ይቀዘቅዛል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰባቸው። ስልኬ ሚስኮል በሚስኮል ሆነ፤ ከዚያ በፊት ደውላልኝ የማታውቅ ልጅ ሳትቀር ደብተሩ ደረሰ ወይ ብላ ደወለች። ያቺ ልጅ ራሷ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልገኝም።

ስድስተኛው የመጨረሻው ነበር። ሲሰጠኝ ቅጂ እንደሌለው፣ እንድጠነቀቅለት ነገረኝ። ቅዳሜ ቀን ማዳሜ ጥርሷን ልታሳክም ገብታ እኔ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። መርማሪው ወደ ጡረተኛው ጸሐፊ ቤት ይሄዳል። መሳቢያውን ይከፍታል። ሐምራዊ የቀለም ጠርሙስ፣ ገና ያልደረቀ። የሽማግሌውን ጣቶች ያያል፤ ቀለም ነክቷቸዋል። በከተማው ውስጥ እንደ እሱ የሚያምር ጽሕፈት ያለው ሰው አልነበረም ይላል ሐሪሱ፤ በዚያ ያማረ ጽሕፈት ነው የሌላውን ሰው ውሸት ፊደል በፊደል የገለበጠው። ከዚያ መርማሪው፦ አንተ ነህ ይለዋል።

ደብተሩን ዘጋሁት። ጆሮዬ ጋለ። ጽሕፈቱ የሚያምር፣ የሌላ ሰው ቃል የሚገለብጥ፣ ውስጡ ግን ነፍሰ ገዳይ። ከእኔ በቀር ማን አለ? በእኔው እጅ አስገልብጦ በእኔው መኪና ሊያዞረኝ ነው! ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ የግንበኛውን ታሪክ በዚያች አዎ የሰረቅኩ ሰው ነኝና፣ ሐሪሱ በሆነ መንገድ ያወቀብኝ መሰለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ አርዲያ ኖሯል፤ ግንበኛውን የሚያውቅ ሰው አግኝቶ ይሆናል አልኩ። የቀረውን አላነበብኩም። ከክሊኒኩ ጥግ የቆመው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ወረወርኩት፣ ክዳኑንም መልሼ ገጠምኩ። ማዳሜ ጉንጯን ይዛ ስትወጣ የኋላውን በር ከፍቼላት ቆሜ ነበር።

መጨረሻ ያስፈልግ ነበር። ረቡዕ ባዶ እጄን መሄድ አልችልም። ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት። በሦስት ከሰዓት በኋላ፣ መሪው ላይ ካርቶን አስደግፌ። ገዳዩን ፋርማሲስቱን አደረግኩት፤ ጥንት ነጋዴውን የገደለውም እሱ፣ ምስክሮቹን የገዛም እሱ፣ አሁን በእርጅናቸው ሊናዘዙ ሲሉ አንድ በአንድ የጨረሳቸውም እሱ፤ ቀለሙን የቀባው ሰው ሁሉ የልብስ ሰፊውን ልጅ እንዲጠረጥር ነው። እስከዚህ ቀላል ነበር። መርማሪው በምን ይድረስበት የሚለው ነው አልሆን ያለኝ።

እኔ ማዳሜን በመስታወት ነው የማውቃት። ፊት ለፊት አይቻት አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያች ከራሴ በላይ በተሰቀለች መስታወት ውስጥ ዓይኗንና ግንባሯን ብቻ ነው ያየሁት። ሚሽሪፍ ውስጥ አንድ መንገድ አለ፤ የፈታት ባሏ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር የሚኖርበት። እዚያ ስንደርስ ማዳሜ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቤቱን አልፈን እስክንታጠፍ አትገልጥም። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም፤ እኔ ግን እዚያ ስደርስ ፈጠን አደርግላት ነበር። ስለዚህ መርማሪዬ ተጠርጣሪዎቹን በአንድ ታክሲ ጭኖ፣ ራሱ ከፊት ተቀምጦ፣ ልብስ ሰፊው ይኖርበት በነበረው ሰፈር ያሳልፋቸዋል። ሰው ሁሉ በመስኮት ወደዚያ አሮጌ ቤት ያያል። መርማሪው መስታወቱን ያያል። ፋርማሲስቱ ብቻ ዓይኑን ጨፍኗል።

ረቡዕ አደረስኩት። ከዚያ የሆነውን ለጠላቴም አልመኝ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሐሪሱ ገና በሩን ሳያልፍ ከበቡት። የዓይኑ ነገር! የመስታወቱ ነገር! ሽማግሌው ሳይቀሩ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እሱ አንዴ እነሱን፣ አንዴ መሬቱን አየና እግዚአብሔር ይመስገን ብቻ አለ። እኔ ሳህን ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። በእድሜ ዘመኔ ከራሴ ያወጣሁት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ፊቴ ላይ ያመሰግኑታል፣ የሚያመሰግኑት ሌላ ሰው ነው። ድሮ በሥራው ነበር የምቀናው፤ አሁን በሥራዬ ቀናሁበት። ሁለተኛው ጁምዓም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም። ዝምታው ደግሞ ያንገበግበኛል፤ አልጻፍኩም አይል፣ ጽፌያለሁም አይል።

ያቺ ልጅ ግን ምንም አላለችም። ደብተሩ ዞሮ ዞሮ እሷ ዘንድ ሲመለስ አንድ ረቡዕ ሻዩን አምጥታልኝ እንደወትሮው ወደ ኩሽና አልተመለሰችም። በኩሽናው በር ደረጃ ላይ፣ ከእኔ ሁለት እርከን ከፍ ብላ ተቀመጠች።

«ይሄን ፋርማሲስት አውቀዋለሁ» አለች። «ሚሽሪፍ ነው ያለው። ሴት ነች።»

ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ባለፈው ዒድ ሥራ ልታግዝ ወደ ማዳሜ ቤት ስትመጣ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ከማዳሜ ጎን ነበር የተቀመጠችው። መንገዱን ሙሉ በመስታወት እሷን እያየሁ እሷ ማንን እንደምታይ ልብ አላልኩም ነበር። ለሐሪሱ ነግሬው ይሆናል ብዬ ተንተባተብኩ። ከእሱ ጋር ከደብተር መቀባበል ያለፈ ወሬ አውርተህ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደግሞም አለች፣ በአምስቱ ደብተር ውስጥ አንድም ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ሁሉም በር ላይ ነው የሚቆመው፣ የሚገባና የሚወጣ ነው የሚቆጥረው፤ የጻፈው ሐሪስ ነዋ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ በድንገት ሁሉም ሰው ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እኔ መጨረሻውን እንደቀየርኩት ነገርኳት። «ከዚያስ?» አለች። ያቺው ቃል ነች፤ ድምፁ ግን የመርማሪ ድምፅ ነበር። እውነተኛውን ደብተር እንደጣልኩት ነገርኳት። «ከዚያስ?» አራተኛውን አሥር ቀን እንደደበቅኩት፣ በእሷ ምክንያት እንደሆነም ጭምር። ይህን ስል እንኳ ፊቷ አልተለወጠም። ሌላ የለም አልኳት። ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ያ ዓመት ሙሉ ስትተርክልን የነበረው ታሪክስ አለች፤ እሱ ውስጥ አንድም መስታወት የለበትም፤ ማን ነው የጻፈው?

የዛሬ ጥፋቴን ይዛ የድሮውን ጎትታ አወጣችው። ስለ ግንበኛው ነገርኳት፤ ስለዚያች አዎ። ስጨርስ ከዚያስ አላለችም። የሻዩን ትሪ አነሳች፣ ጁምዓ ሳይደርስ ለሐሪሱ ራሴ እንድነግረው፣ ካልነገርኩት እሷ እንደምትነግረው ነገረችኝ፤ በሩን ዘግታ ገባች። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ማዳሜ የሳሎን ወንበር ልታስለብስ አርዲያ ላከችኝ። ወንበሩን አውርጄ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሐሪሱ ከበሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ፣ ያው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ተቀምጧል። ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠኝ፣ ያለችውን አንዲት ወንበርም ለቀቀልኝ። ሳልቀመጥ ነገርኩት። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። የጣልኩበትን ቦታ ስነግረው ብቻ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄዶ ተመለሰ።

«እስከ የት አንብበህ ነው የጣልከው?» አለኝ።

ገዳዩ ጸሐፊው መሆኑ እስከሚታወቅበት ድረስ አልኩት፤ ጸሐፊው እኔ መሆኔን እንዳወቅኩም ጨመርኩለት፤ ያኔም እልሁ አልወጣልኝም ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። እጁን ሲያነሳ ግን እየሳቀ ነበር፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ። ጸሐፊው ገዳይ አይደለም አለኝ። መርማሪው ተሳስቶ ነው። ሽማግሌው ቀለም የነካው ሠላሳ ዓመት የከነከነውን ነገር፣ እውነተኛውን ምስክርነት፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ እንደገና እየጻፈ ስለነበር ነው። የሞተው ልብስ ሰፊ ስሙ የሚነጻው በእሱ ወረቀት ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያበላሸውን ያቃና ብቸኛ ሰው እሱ ነው። በሐሪሱም መጨረሻ ገዳዩ ፋርማሲስቱ ነበር።

ዓመት ሙሉ የወንጀል ታሪክ የተረክሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ እጅ የሚያዝበት ሰው ገዳይ እንዳልሆነ ደረጃው ላይ የሚቀመጡ ልጆች ሁሉ ከእኔ ተምረዋል። የቀረው ስድስት ገጽ ነበር፤ አላገላበጥኩትም።

«ጽሕፈትህን እያየሁ ነው የጻፍኩት» አለኝ። «አንተ ነህ እሱ፤ እሱ ላይስ አልተሳሳትክም።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። እንደገና ጻፈው፣ እኔ እገለብጠዋለሁ፣ ጁምዓ ቆሜ ለሁሉም እናገራለሁ አልኩት። ገጹን መልሶ መጻፍ እንደሚችል፣ ነገር ግን ከአንዷ እህት ደብተሩን ተውሶ የእኔን እንዳነበበው ነገረኝ። በእሱ መጨረሻ መርማሪው የወረቀት ክምር አገላብጦ ነው የሚደርስበት። አንተ በአንድ መስታወት ጨረስከው አለኝ፤ ከዚያ በኋላ የራሴ አይጥመኝም። አዲሱን መጨረሻ የጻፈው ማን እንደሆነ ገምቶ ነበር። ለምን ዝም እንዳለም ጠየቅኩት።

«ቀናሁብህ» አለኝ። «ሦስት ጁምዓ እያመሰገኑኝ እኔ ስቀና ነበር። የእኔ አይደለም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ደቂቃ ደስ አለኝ። የሰውየውን መጽሐፍ አጥፍቼ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ወገቤ ድረስ አፍሬ ሳለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ያለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳልኝ። ደስታዬን እንዳያይብኝ ውኃውን አንስቼ ጠጣሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በኅብረቱ ፊት በተናዘዝኩበት ቀን እንኳ።

ጁምዓ ተነስቼ ተናገርኩ። ስለ ደብተሩም፣ ስለ ግንበኛውም። ሽማግሌው ጸለዩልኝ፤ ሰው ይቅር አለኝ፤ ይቅር ብሎም ደረጃው ላይ ቦታ አልለቀቀልኝም። አንዳንዶቹ ልጆች ሐሪሱ የራሱን መጨረሻ እንዲነግራቸው ለምነውት ነበር። በቃሉ መተረክ እንደማይችል ሁሉም ያውቃል፤ ጀምሮ ተወው። ሌላ ደብተር ሲያወጣ አላየሁም። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ አልጻፍኩም።

በዓመቱ ይመስለኛል፣ አንድ ረቡዕ እዚያው ጥላ ሥር እንደተቀመጥኩ የኩሽናው በር ተከፈተ። ሻይ ያስቀምጡልኝ ነበር እንጂ እሷ ራሷ ካመጣችልኝ ቆይታለች። ትሪው ላይ ከሻዩ ጎን ከጀምዒያ የተገዛ ነጭ ካርቶን፣ በልክ በልኩ የተቆራረጠ፣ ስልሳ ያህል ተደርድሯል። ከላይ አንድ ወረቀት፤ ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሕፈት። የሠርግ ጥሪ ነበር። የሁለቱ ስም፣ ቀኑ፣ ያ ምድር ቤት።

«ጽሕፈትህ ያምራል» አለችኝ። መሬት መሬቱን እያየች ነበር።

ማዳሜን ስጠብቅ፣ መሪው ላይ አስደግፌ፣ በሁለት ቀን ጨረስኩት። ስማቸውን ስልሳ ጊዜ ጎን ለጎን ጻፍኩት። አንዲት ፊደል አልቀየርኩም።